ጂ ላይ የሚወዛወዘው ቤዝ፦ ከአንድ የጎንደር የሠርግ አዳራሽ የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ይህ የጉዳይ ጥናት በጎንደር ከተማ በሠርግና በሆቴል ሥራ የሚተዳደር አንድ ቤዝ ጊታር ተጫዋች በአንድ የሠርግ ወቅት የገጠመውን የድምፅ ችግር፣ ለመፍትሔ ተብለው የወጡትን ወጪዎችና በመጨረሻ የተገኘውን ትክክለኛ ምክንያት ይመለከታል። ተጫዋቹ፣ ባንዱና አዳራሹ በስም አይጠቀሱም። ጉዳዩን በዝርዝር ለመጻፍ ያነሳሳኝ በመሣሪያ ጥገና ሥራዬ ደጋግሜ የማየው አንድ ልማድ ነው፤ በመድረክ ላይ ድምፅ በተበላሸ ቁጥር ጥፋቱ በቅድሚያ ወደ መሣሪያው፣ ወጪውም ወደ ተጫዋቹ ኪስ ይሄዳል። እዚህ ግን ጥፋቱ የነበረው ከመድረኩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ውስጥ ነበር።

ተጫዋቹና ሥራው

ቤዚስቱ ማራኪ አካባቢ የሚኖር ወጣት ሲሆን ከቤዝ ሌላ መተዳደሪያ የለውም። የዚህ ሥራ ገቢ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ጥር 11 ቀን ጥምቀት ተከብሮ እንግዳው ከከተማዋ ከተሸኘ በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ያሉት ሳምንታት ሠርግ በሠርግ ላይ የሚደራረብባቸው ናቸው፤ ከዚያ በኋላ 55ቱ የጾም ቀናት ለሠርግ ባንድ ባዶ ስለሆኑ በጥርና በየካቲት የተያዘው ገንዘብ እስከ ዳግማ ትንሣኤ መብቃቃት አለበት። ስለዚህ በጥር ወር አንድ ሥራ ማጣት ወይም ያልታሰበ የጥገና ወጪ ማውጣት የሚያስከትለው ጉዳት በሌላ ወር ከሚያስከትለው ጋር አይወዳደርም።

የባንዱ ክፍያ አስቀድሞ በቀብድ ይያዛል፤ ቀሪው ሥራው ሲያልቅ ለባንዱ መሪ ተሰጥቶ ይከፋፈላል። ከታዳሚው የሚመጣው ሽልማት ግን በአብዛኛው ለድምፃዊዋና ለማሲንቆ ተጫዋቹ የሚደርስ በመሆኑ ከኋላ የቆመው ቤዚስት የሚያገኘው የተነገረውን ድርሻ ብቻ ነው። ከዚያም ላይ የባጃጅ ይከፍላል፤ የድምፅ ማጉያው አምፕ ከባድ ስለሆነ ለብቻው መቀመጫ ይይዛል፤ በኮብልስቶን መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ደግሞ የጃኩ፣ ማለትም የገመድ መሰኪያው፣ ብየዳ ይላላል። አዲስ የቤዝ ክር ሲያስፈልገው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚርቀው አዲስ አበባ በመንገደኛ እጅ ያስመጣል፤ እስኪመጣለት ድረስ አሮጌውን ክር አውልቆ በፈላ ውሃ ይቀቅለዋል። ይህ ዘዴ በጠመዝማዛው ውስጥ የተጠራቀመውን ላብና ቅባት አውጥቶ የክሩን የጠራ ድምፅ ለጥቂት ሥራዎች ይመልሳል፤ ቤዚስቶች በየአገሩ ይጠቀሙበታል።

መሣሪያው የጃዝ ቤዝ ዓይነት ሆኖ በቻይና የተሠራ፣ ባትሪ የማይፈልግ፣ ሁለት ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ክፍል) ያለው ቤዝ ነው። የዚህ ዓይነት ቤዝ መነሻ የአሜሪካው ጊታር ፋብሪካ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው ነው። እያንዳንዱ ፒክአፕ አንድ የሽቦ ጥቅል ብቻ ስላለው ብቻውን ሲከፈት በዙሪያው ካለው የኤሌክትሪክ መስመር ኖይዝ ይለቅማል፤ ሁለቱ እኩል ሲከፈቱ ግን ጥቅሎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ የተጠመጠሙ ከሆነ ኖይዙ አንዱ በሌላው ይጠፋል። የዚሁ ፋብሪካ ቀዳሚ ሥራ የሆነው ፕሪሲዥን ቤዝ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ፒክአፑ ለሁለት ተከፍሎ የተሠራው ከዚህ ችግር ጋር ይያያዛል። ቤዚስታችን ይህን ያውቅ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ኖይዝ ሲመጣ ጥርጣሬው በቅድሚያ በራሱ ፒክአፕ ላይ ማረፉ የሚያስገርም አይደለም።

የችግሩ አመጣጥ

ባንዱ ከጥምቀት በኋላ በአንድ አዲስ የተሠራ የሠርግ አዳራሽ በየሳምንቱ ለመጫወት ተዋዋለ። በመጀመሪያው ሠርግ ላይ ከሞንታርቦው እምምም የሚል ያልተቋረጠ ድምፅ ይወጣ ነበር። ችክችካው ተጀምሮ እስክስታው ሲደምቅ ማንም ልብ አይለውም፤ ሽማግሌዎች ለምርቃት ሲነሱና አዳራሹ ጸጥ ሲል ግን ከሁሉም በላይ ጎልቶ ይሰማል። የሙሽራው ወገን ይህን ለባንዱ መሪ አነሳ፤ መሪውም ድምፁ የሚመጣው ከቤዙ መስመር መሆኑን ከሚክሰሩ ላይ ስላየ ቤዚስቱን «ዕቃህን ካላስተካከልህ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አለው።

ከዚህ ጋር ሌላ፣ የበለጠ ግራ የሚያጋባ ምልክት ነበረ። ቤዚስቱ በወፍራሙ ክር ሦስተኛ ፍሬት (በአንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ያለችውን ጂ የተባለች ኖታ ይዞ ሲያቆያት ድምፁ ቀጥ ብሎ ከመቆም ይልቅ በየሰከንዱ ከፍ ዝቅ እያለ ይወዛወዛል። ሌሎቹ ኖታዎች ላይ ይህ አይሰማም። ድምፃዊቷ ብዙውን ዘፈን የምታነሳው ከጂ ስለነበረና በትዝታም ሆነ በባቲ ቤዙ ደጋግሞ የሚያርፈው በመነሻው ኖታ ላይ ስለሆነ፣ ችግሩ ሌሊቱን ሙሉ ይከተለው ነበር። ኪቦርድ ተጫዋቹ «ቤዝህ አልተቃኘም» ይለዋል፤ በቲዩነር ሲለካው ደግሞ ቅኝቱ ትክክል ነው።

በዚህ መካከል የተደረገው ጥገና ሁሉ በመሣሪያው ላይ ያተኮረ ነበር። በቅድሚያ ክሩ አርጅቷል ተብሎ አዲስ ክር ተገዛ። ቀጥሎ ሦስተኛው ፍሬት ተነስቷል ተብሎ አንገቱ ተስተካከለ፤ ክሩ የሚያርፍበት ብሪጅም ወደፊትና ወደኋላ ተገፋ። በመጨረሻ ፒክአፑ ነው ተብሎ አዲስ ጥንድ ከአዲስ አበባ መጣ፤ ለዚህም ቤዚስቱ ከጓደኛው ተበደረ። ከእነዚህ አንዱም ድምፁን አልቀየረውም። በእኔ ግምት በዚህ ሂደት ውስጥ ትልቁ ጉድለት የገንዘቡ ብዛት ሳይሆን፣ ማንም ሰው ኖይዙ እየተሰማ ሳለ የቤዙን ቮልዩም ወደ ዜሮ አዙሮ ያለማዳመጡ ነው። ጥገናው ሁሉ የተካሄደው በቀን፣ በቤት ውስጥ፣ ችግሩ በማይታይበት ቦታ ነበር።

ምርመራው

ጉዳዩ ወደ እኔ የመጣው በዚህ ደረጃ ላይ ነው። ቤዙን ከመክፈት ይልቅ ሠርግ በሌለበት ምሽት የመድረኩ ዕቃ ሁሉ እንደ ሥራ ቀን እንዲገጣጠም ጠየቅሁ። ኖይዙ ወዲያው መጣ። ቤዚስቱ ቮልዩሙን ዜሮ ሲያደርግ ኖይዙ ባለበት ቀጠለ። ገመዱን ከቤዙ ነቅሎ ከአምፑ ሲያወጣውም ቀጠለ። በዚህች ቅጽበት ፒክአፑ፣ ክሩና ፍሬቱ ሁሉ ነፃ ወጡ፤ ድምፁ ከቤዙ እየመጣ ቢሆን ኖሮ ቤዙ ሲነቀል በጠፋ ነበር። ከአምፑ ወደ ሚክሰሩ የሚሄደው ጃክ በጃክ የሆነ ረጅም ገመድ ሲነቀል ግን ሞንታርቦው ጸጥ አለ።

ሆኖም ይህ ገመድ ተነቅሎ እንዳለ ቤዚስቱ ቤዙን መልሶ ከአምፑ ጋር አገናኝቶ እንደያዘ ወደ ማይኩ ቀርቦ ተቀባይ ድምፅ ሊሞክር ሲል ከንፈሩን ነዘረው። ቀደም ሲልም አንዳንድ ምሽት እንዲህ እንደሚያደርገው፣ ነገር ግን የማይኩ ብልሽት መስሎት ችላ እንዳለው ያን ጊዜ ነገረኝ። መለኪያዬን በአምፑ የብረት ሽፋንና በማይኩ ወንፊት መካከል ሳደርግ ከ100 ቮልት በላይ አነበበ። ገመዱ ተመልሶ ሲሰካ ንዝረቱ ጠፋ፣ ኖይዙ ተመለሰ። አንዱ ሲመጣ ሌላው የሚሄደው ለምን እንደሆነ መረዳት የጉዳዩ ዋና ቁልፍ ነበር።

የመድረኩን ሶኬት ከፍተን ስናይ በጎንና በጎኑ ያሉት የመሬት ምላሶች በቦታቸው አሉ፤ ከኋላቸው ግን የታሰረ ሽቦ የለም። ፌዝና ኒውትራል ብቻ ገብተዋል። ከውጭ ለሚያየው ሰው ሶኬቱ ሙሉ ነው። በአዳራሹ ሌላኛው ጫፍ ሚክሰሩ የተሰካበት ሶኬት ደግሞ ከቀድሞው ቤት መስመር የተወሰደ ስለሆነ የመሬት ሽቦ ነበረው። እንግዲህ የመድረኩ ዕቃ ሁሉ፣ ማለትም የቤዙ አምፕና ሁለቱ የመድረክ ሞኒተሮች፣ በአንድ ማራዘሚያ ላይ ተሰክተው የብረት ሽፋኖቻቸው እርስ በርስ ሲገናኙ ከመሬት ጋር ግን አይገናኙም ነበር።

የዚህ ውጤት ቀጥተኛ ነው። አብዛኛው ዘመናዊ አምፕ በመግቢያው ላይ የመስመር ኖይዝ የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉት፤ እነዚህ ከፌዝና ከኒውትራል ወደ ብረት ሽፋኑ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያሾልካሉ። የመሬት ሽቦ ካለ የሾለከው ወዲያው ይወርዳል። ከሌለ ግን የአምፑ ሽፋን በመስመሩ ቮልቴጅ ግማሽ አካባቢ ተንሳፍፎ ይቆማል፤ በ220 ቮልት አገር ይህ ወደ 110 ቮልት ነው። የሚሾልከው መጠን ትንሽ ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይገድልም። የቤዝ ክር በብሪጁ በኩል ከአምፑ ሽፋን ጋር የተገናኘ በመሆኑ፣ በአንድ እጁ ክር የያዘ ሰው መሬት ያለውን ማይክ በከንፈሩ ሲነካ መንገዱን የሚዘጋው የራሱ ሰውነት ነው። ረጅሙ የድምፅ ገመድ ሲሰካ ደግሞ የሾለከው ሁሉ በገመዱ ውስጥ ያለውን የብረት መረብ ሽፋን ይዞ ወደ ሚክሰሩ መሬት ይጓዛል። በጃክ በጃክ ገመድ የድምፁ መመለሻም ያው ሽፋን ስለሆነ፣ የመስመሩ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ድምፅ ውስጥ ገብቶ ይሰማል። ለዚህ ነው ኖይዝና ንዝረት የሚፈራረቁት።

አምፑ ውስጥ አንድ ሽቦ ተልጦ ሽፋኑን ቢነካ ኖሮ ውጤቱ ንዝረት ብቻ አይሆንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ስቶን ዘ ክሮውስ የተባለው የስኮትላንድ ባንድ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ በዌልስ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ሳለ መሬት በትክክል ያልተያዘለትን ማይክ ነክቶ ሕይወቱ አልፏል። እጁ ላይ የነበረው ጊታር ነው። በጎንደር አዳራሾች ማይኩን የሚይዙት ደግሞ ሙዚቀኞች ብቻ አይደሉም።

የጂ ምስጢር

ከዚህ ሁሉ በላይ ትኩረቴን የሳበው ጂ ላይ ያለው መወዛወዝ ነበር። በኢትዮጵያ የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ነው፤ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በወፍራሙ የቤዝ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ያለችው ጂ 49 ኸርዝ ናት። ሁለት እንዲህ የተቀራረቡ ድምፆች አብረው ሲሰሙ በልዩነታቸው መጠን ይደጋገፋሉ፣ ይጠፋፋሉም፤ እዚህ ልዩነቱ 1 ስለሆነ ድምፁ በየሰከንዱ አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ይወርዳል። አንድ ኦክታቭ ከፍ ባለችው ጂ፣ በ98 ኸርዝ፣ የኖይዙ ሁለተኛ እጥፍ 100 ኸርዝ ይገኛል፤ መወዛወዙም በእጥፍ ይፈጥናል። ባዶው ወፍራም ክር ኢ 41 ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ከኖይዙ ይርቃል፤ ስለዚህ አይወዛወዝም። የቤዙ ቅኝት ትክክል ነበር፤ ከእርሱ ጋር የተጋጨው ሌላው «ተጫዋች» የመብራቱ መስመር ነው።

ይህን ምልክት ከአሜሪካ በሚመጡ የጥገና ትምህርቶች ውስጥ መፈለግ ለኛ ብዙ አይጠቅምም፤ እዚያ መስመሩ 60 ኸርዝ ስለሆነ ኖይዙ በቢ ፍላትና በቢ መካከል ያርፋል፤ ከጂ ጋር አይገናኝም።

ማረጋገጫው የመጣው ባልታሰበ መንገድ ነው። ሙከራው በመካሄድ ላይ እያለ መብራት ሄደና የአዳራሹ ጄነሬተር ተነሳ። ቤዚስቱ ጂን ሲይዝ መወዛወዙ ቀድሞ ከነበረው ፈጠነ። መለኪያው የጄነሬተሩን ድግግሞሽ 52 ኸርዝ አካባቢ አሳየ፤ ጭነት ያልበዛበት ትንሽ ጄነሬተር ከ50 ጥቂት ከፍ ብሎ መሄዱ የተለመደ ነው። የ3 ኸርዝ ልዩነት ማለት በሰከንድ ሦስት ጊዜ ማለት ነው፤ በጆሮ የተቆጠረውም ይኸው ነበር። ፍሬት ወይም ክር የተበላሸ ቢሆን መብራት ሲቀየር ጠባዩን አይቀይርም። ቤዚስቱ ይህን ሲሰማ ቤዙን አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም «ታዲያ ፒክአፑን ለምን ገዛሁት?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነበር።

መፍትሔውና ድርድሩ

ከሁሉ የከበደው የአዳራሹን ባለቤት ማሳመን ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ፣ በአካባቢው የተከበሩና አዳራሹን ከብዙ ልፋት በኋላ የሠሩ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ አምፖሉ ይበራል፣ ማይኩ ይሰማል፤ ምን ጎደለና ነው ግድግዳ የማፈርሰው?» አሉት። ቤዚስቱ ስለ ኖይዝ አላወራም። «ጋሼ፣ ማይኩ እኔን ነዝሮኛል። ቅዳሜ ደግሞ የሚይዙት የሙሽራዋ አባት ናቸው፤ ለምርቃት ሲነሱ ቢነዝራቸው ምን እንላለን?» አላቸው። ባለቤቱ በማግስቱ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን አስጠሩ። በእኔ አስተያየት ይህ አነጋገር ከመለኪያዬ ይልቅ ሥራውን አፋጥኗል።

የጎንደር መሬት ድንጋያማ ነው፤ በጥር ወር ደግሞ ይደርቃል። በመዳብ የተለበጠው የመሬት ዘንግ ከመድረኩ ጀርባ በመጀመሪያ በተመረጠው ቦታ አልገባ አለ፤ ስለዚህ ወደ እጅ መታጠቢያው ፍሳሽ ተጠግቶ እርጥበት ባለበት ተቆፈረ፤ ጉድጓዱም በከሰልና በጨው ተሞላ። ከዘንጉ እስከ መድረኩ ሶኬቶች አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው የመሬት ሽቦ ተዘረጋ። የአዳራሹ መስመር መነሻ ላይም 30 ሚሊ አምፔር ሲሾልክ የሚዘጋ መከላከያ ብሬከር ተገጠመ። ይህ ብሬከር መሬት በሚገባ ያልያዘ ቢሆን እንኳ ሰው ሲነዘር መስመሩን የሚቆርጥ በመሆኑ፣ ከዝርዝሩ አንድ ነገር ብቻ መግዛት ቢቻል እኔ የምመርጠው እርሱን ነው።

በባንዱ በኩል የተደረገው ለውጥ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሚክሰሩም ሆነ የመድረኩ ዕቃ ከአንድ መስመር እንዲመገብ ተደረገ፤ የቤዙ አምፕ፣ ኪቦርዱ፣ ሚክሰሩ፣ ሞኒተሮቹና ሞንታርቦዎቹ በድምሩ 2,000 ዋት አካባቢ ስለሚፈልጉ በ220 ቮልት 9 አምፔር ይሆናል፤ ይህን አንድ ባለ 16 አምፔር ሶኬት ይሸከመዋል። የመድረኩ የቀለም መብራቶች ግን ለብቻቸው ወደ ሌላ መስመር ተዛወሩ። ሁለተኛ፣ ጃክ በጃክ የነበረው ረጅም ገመድ ቀርቶ ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ፣ ማለትም የቤዙን ድምፅ ወደ ሚክሰሩ የሚያሻግር ትንሽ ሳጥን፣ ተገዛ። ትራንስፎርመሩ ድምፁን በመግነጢስ ብቻ ያሻግረዋል፤ የግራውንድ ማብሪያ ማጥፊያው ሲነሳም በድምፅ ገመዱ በኩል ያለው የመሬት ግንኙነት ይቋረጣል። ይህ ከመብራት መሰኪያው ላይ የመሬት ሽቦን ከመቁረጥ ፈጽሞ የተለየ መሆኑን ማስረገጥ እፈልጋለሁ፤ በከተማችን አንዳንድ የድምፅ ባለሙያዎች ኖይዝን ለማጥፋት የመሬት ምላሶቹን በፕላስተር ሲሸፍኑ አይቻለሁ፤ ድምፁ ይጠፋል፣ ተጫዋቹን የሚጠብቀው ነገርም አብሮ ይጠፋል።

ከዚህ በኋላ በነበረው ሠርግ ጂ ቀጥ ብላ ቆመች። በአምፑና በማይኩ መካከል መለኪያው ያነበበው ከ1 ቮልት በታች ነበር። ቤዚስቱ አንዱን ፒክአፕ ብቻ ሲከፍት የሚሰማው ትንሽ ኖይዝ ግን አሁንም አለ፤ ያ የመሣሪያው ተፈጥሮ ስለሆነ ሁለቱን እኩል ከፍቶ መጫወትን መረጠ።

የወጪው ጉዳይ ሲነሳ የአዳራሹ ባለቤት የኤሌክትሪሺያኑን፣ የሽቦውንና የብሬከሩን ከፈሉ። ዲአይ ቦክሱ የባንዱ የጋራ ዕቃ ሆኖ ድርሻ ከመከፋፈሉ በፊት ከጠቅላላው ክፍያ ላይ ተቀነሰ፤ ይህ በባንዱ ውስጥ አዲስ አሠራር ነው፤ ቀደም ሲል የቤዙ መስመር የቤዚስቱ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። መሪው የዛተበትን ነገር በሰው ፊት ሰረዘ፤ ይቅርታም ጠየቀው። አዲሶቹ ፒክአፖች ቤዙ ላይ ቀርተዋል፤ አሮጌዎቹን የገዛቸው ሰው የለም፤ ብድሩም ገና ተከፍሎ አላለቀም።

ያልተዘጋ አንድ ነገር አለ። ጄነሬተሩ ሲነሳ አዳራሹ ከከተማው መስመር ስለሚለይ የጄነሬተሩ ኒውትራል ከአዲሱ የመሬት ዘንግ ጋር መታሰር ይኖርበታል፤ ይህ ካልሆነ 30 ሚሊ አምፔሩ ብሬከር በዚያ ሰዓት እንደሚፈለገው ላይሠራ ይችላል። ኤሌክትሪሺያኑ የመቀየሪያውን ሳጥን ሳይለውጥ ማሰሩ አደገኛ መሆኑን ስለተናገረ ሥራው ለጾሙ ወራት ተይዟል። እስከዚያ ድረስ ባንዱና ባለቤቱ በጽሑፍ ባይሆንም በቃል በተስማሙት መሠረት፣ መብራት ሄዶ ጄነሬተር ሲነሳ ለምርቃት የሚሰጠው ማይክ በባትሪ የሚሠራው ገመድ አልባው ብቻ ነው።